ጉብታ ላይ ቤት የማይሠራባት ከተማ

ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ዕቃ ይላክበታል። በእኔ የተላከው ግን አንድ ቃል ነበር፤ «ተይው» የሚል። ላኪው አባቴ ነው፤ ተቀባይዋ ካንቤራ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሉባባ። (የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ካንቤራ ናት፣ ሲድኒ አይደለችም። ይህን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አርሜአለሁ፤ እዚህም ልድገመው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ቀወት ውስጥ ከአባቴ ማሳ ጀርባ አንድ ጉብታ አለ። በይዞታ ወረቀቱ የአባቴ ነው፣ በኑሮ ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። ነሐሴ ላይ ደጋው ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ እስላሙም ክርስቲያኑም ከብቱን እየነዳ እዚያ ላይ ያወጣል። በቀሩት ወራት ደግሞ ስልክ ደህና የሚይዘው እዚያ አናት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ለወሬ ይወጣዋል። ሉባባ በሰኔ ሰው ልካ አናቱ ላይ ችካል አስተከለች። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልትሠራ፣ ዙሪያውንም ልታጥር። አባቴ ደግሞ ለሉባባ እንቢ ማለት አይችልበትም። ስትደውል «ማሻአላህ፣ ልጄ፣ ማሻአላህ» ይላል፤ ስልኩ ሲዘጋ ችካሉን እያየ ይተክዛል።

«ዘይነባ» አለኝ አንድ ቀን፣ «አንቺ ያነበብሽ ነሽ። በወጉ አስረድተሽ አስተዪያት።»

ያነበብኩ መሆኔ እውነት ነው፤ ብቻ ዘግይቼ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ዛሬ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። መጽሐፍ ሳወጣና ሳስገባ እንጂ ሰው ስከራከር የታየሁ ሴት አይደለሁም። ሉባባ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አፏ ስለት ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ቲኬቱን እሷው ልካልኛለች፤ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጅ መናኸሪያ ደርሼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሁለት ዶሮ በዘንቢል ይዘዋል።

«የኔ ልጅ፣ እስከየት ነሽ?»

«አውስትራሊያ፣ እማማ።»

አሰቡ። «መኪናው ከደብረ ብርሃን ያልፋል እንዴ?»

ረዳቱ ሰምቶ «እማማ፣ ትርፍ ከከፈሉ ያልፋል!» አለና መኪናው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ደብረ ሲና እስክንደርስ ድረስ አገሩ ዶሮ እንዳለው፣ ዝናቡ በስንት ወር እንደሚመጣ ሲጠይቁኝ ቆዩ። ያነበብኩትን ያህል መለስኩላቸው፤ ያላወቅኩትን አላውቅም አልኩ።

ደብረ ሲና ጉም ውስጥ ነበረች። እኛ ቆለኞች እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ የምናደርገውን አደረግን፤ ያለንን ፎጣና ነጠላ ሁሉ አውጥተን ተከናነብንና ሻይ በጦስኝ ጠጣን። የብርድ ልኩ ይህ መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያደርኩት አንድ ፔንሲዮን ነው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ በሩ ግን አይቆለፍም። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «እትዬ፣ ወንበር ያስደግፉት፤ እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለችኝ። አስደገፍኩ። ረቡዕ ማታ ተሳፈርኩ፤ በአንድ የዓረብ አገር ከተማ አርፌ አውሮፕላን ቀየርኩ፤ ሐሙስ የሚባለውን ቀን አየር ላይ ጨረስኩት። ሉባባ ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው የዓረብ ከተማ በሰው ቤት ሠርታለች። የአውሮፕላን ጣቢያው በመስታወት ያበራል። የትኛውን መንገድ እንደምታውቀው፣ የትኛውን በር ትጠርግ እንደነበር እያሰብኩ አምስት ሰዓት ተቀመጥኩ።

አርብ ጠዋት ሲድኒ። እዚያ አገር ሲገባ ምግብና ዘር የያዘ ሰው ሁሉንም መናገር አለበት። እኔ ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን በእንግሊዝኛ ዘርዝሬ ከነመያዣው ጽፌ ነበር፤ በርበሬ ሁለት ከረጢት፣ ሽሮ አንድ፣ ቆሎ አንድ፣ የአባባ ማሽላ በጨርቅ የተቋጠረ አንድ እፍኝ። ጓንት ያደረገው ወጣት ዝርዝሩን ከዕቃው ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ሲጨርስ የሥራ ባልደረባውን ጠርቶ ወረቀቱን አሳየው፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣም ደስ ብሏቸው ሳለ ማሽላውን ወሰዱት። «ዘር አይገባም፤ አገራችንን ባዕድ ተክል አስቸግሮታል» አለኝ በትሕትና። እንደ ሕጉ ነው፤ አልተቃወምኩም። ግን አባቴ ከእሸት መርጦ ያስቀመጠው ማሽላ ነበር።

ከሲድኒ ካንቤራ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከእኛ አዲስ አበባ መንገዱ ሰላም ሲሆን እንደሚወስደው ማለት ነው። ሉባባ ማቆሚያው ላይ በሹፌር ኮት ቆማ አየኋት። እሷ የከተማ አውቶቡስ ነው የምትነዳው። ተቃቀፍን፣ አለቀስን፣ «ቀጥነሻል»፣ «ወፍረሻል» ተባባልን፤ ከዚያ በመኪናዋ ይዛኝ ሄደች። ግራና ቀኝ ዛፍ ነው። ዛፍ፣ ሣር፣ ጉብታ፣ ደግሞ ዛፍ።

«ከተማው ስንት ሰዓት ይቀረዋል?» አልኳት።

«የቱ ከተማ?»

«ካንቤራ።»

«እትዬ፣ መሀሉ ላይ ነን!»

እውነቷን ነበር። ከተማዋ ከመሠራቷ በፊት ታቅዳለች፤ ያቀዱት ባልና ሚስት ናቸው። ቦታውን ሳያዩት፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ከካርታ እያነበቡ ነደፉት፤ ሥዕሉን የሠራችው ሚስትየዋ ናት፣ በጨርቅ ላይ። (ይህን ያነበብኩት ኋላ ነው፤ ሉባባ ሚስትየዋን አታውቃትም ነበር።) ጉብታ ሁሉ እንዲተው አደረጉ። መንገዱ ከአንዱ ጉብታ አናት ወደ ሌላው አናት ያነጣጥራል፤ ቤቶቹ እስከ ወገቡ ይወጡና እንደተነገራቸው ሁሉ ይቆማሉ። ከዚያ በላይ ዛፍና ድንጋይ ብቻ ነው። እኛ ጋ ከተማ ማለት ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የተሰለፈ ሱቅ ነው፤ በአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ሲወጡ ታይቶ ያልቃል። ይህችኛዋ ተደብቃለች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አጠፋሁ። ሸዋ ሮቢት ስሰግድ የደጋው ተራራ ሁልጊዜ በግራዬ ነው፤ ቂብላን፣ ወደ መካ የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ በተራራው ነው የማውቀው፣ ሁላችንም እንደዚያው ነን። ሉባባ ቤት በመስኮት ሳይ በስተ ምዕራብ ሰማያዊ የተራራ ሰንሰለት ተጋድሟል። ልክ የእኛን ይመስላል። ልቤ አረፈ፤ በግራዬ አደረግኩትና መስገጃዬን ዘርግቼ አሱርን ሰገድኩ። ሉባባ ልክ ሶላቴን ጨርሼ እንዳሰላመትኩ ገባች።

«እትዬ፣ ወዴት ነው የሰገድሽው?»

«ወደ ቂብላ።»

«ያ የጎረቤቴ የእማማ ጆይስ ጋራዥ ነው! ቂብላ እዚህ በተራራው ፊት ለፊት ነው።»

ደግሜ ሰገድኩ። ዕድሜ ልኬን በጎኔ የነበረው ተራራ ፊት ለፊቴ መጣ፤ ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በር ስከፍት ሣሩ ላይ ጨው ተነስንሷል። ጨው መሰለኝ እንጂ ውርጭ ነው። የሉባባን ካፖርት በራሴ ሹራብ ላይ ደርቤ፣ ከሸዋ ሮቢት ፀሐይ መከላከያ ያመጣሁትን ጃንጥላ ይዤ አውቶቡሷ ውስጥ ከኋላዋ ተቀመጥኩ፤ ቀኑን ሙሉ ከተማዋን አዞረችኝ። ማዞር ነው ቃሉ። ቀጥ ያለ መንገድ የለም፤ ክብ ገብቶ ከክብ ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ ክብ። እኩለ ቀን ላይ ራሴን ሲያዞረኝ «ዓይንሽን ጉብታ ላይ አድርጊ፤ ይለቅሻል» አለች። ለቀቀኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ሹፌሯን ያመሰግናል። ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካው ሳይቀር «ታንክ ዩ» ይላል። ደስ አለኝና «እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው» አልኳት።

«ጨዋ ነው» አለች መስተዋቱን እያየች። «አሥር ዓመት አመሰገኑኝ። ግን ከአውቶቡሱ ውጪ ባገኛቸው አንዱም አያውቀኝም። የሚያመሰግኑት ኮቱን ነው።»

በምክር ቤታቸው አጠገብ አለፍን። ጉብታውን ቆርጠው ቤቱን ውስጡ ከተቱትና ሣሩን መልሰው አለበሱት፤ መንግሥቱ በሣር ሥር ይሰበሰባል። ድሮ ልጆች ጣሪያው ላይ እየተንከባለሉ ይወርዱ ነበር አለች፤ አሁን አጥር ተደርጎበታል። «አጥር ሲደረግስ ሰው ምን አለ?» አልኩ። ልጀምር ብዬ ነበር። «ምን ይላል፣ ተናደደ፣ ኋላ ለመደ» አለችና ለአንድ አሮጊት በር ከፈተች። እኔም ቃሌን ዋጥኩ። ማታ ምሳ ዕቃ ሳጥብ የቤቷን ንድፍ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ አየሁት። ሳሎኑ፣ እንግዳ መቀበያው፣ ሰገነቱ። በሥሩ በእርሳስ «ከአስፋልቱ ይታያል» ብላ ጽፋለች።

እሑድ የዚህ ጉዞ ዋና ቀን ነው።

ጎረቤቷ እማማ ጆይስ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው በክር የታሰረ ሴት ናቸው። እሑድ እሑድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ጉብታ ያርማሉ። ለማንም ብለው አይደለም፤ ከውጭ የገባው አረም የአገሩን ሣር እንዳያጠፋው ነው። «እህትሽ የገበሬ ልጅ ናት አይደል? ትምጣ» አሉ። ደስ አለኝ። በዚያ አገር ካየሁት ሁሉ የምችለው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

መሬት መሬቱን አሳዩን፤ ለእኔ አንድ ሰፊ ቁራጭ ደረሰኝ። ሌሎቹ የጉልበት ትራስ አንጥፈው ቀስ እያሉ ይነቅላሉ። እኔ እንደ አገሬ ቁጢጥ ብዬ፣ ቀና ሳልል፣ በመስመር ሄድኩበት። እነሱ አንድ እጅ ሳይጨርሱ እኔ ሦስት እጅ ጨረስኩ። ሉባባ በኩራት «እዩዋት!» ስትል ይሰማኛል።

እማማ ጆይስ ሊያዩ መጡ። ቆሙ። ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፉት።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። እዚያ ጉብታ ላይ ቀጫጭን፣ ራሱን የደፋ፣ ቀለሙ ልክ እንደ ደረሰ ጤፍ የሆነ ሣር ነበር። በጤፍ ማሳ ያደገ ሰው እጅ እንዲህ ያለውን አይነቅልም፤ ዙሪያውን ያጸዳለታል እንጂ። እኔም አጸዳሁለት። እያንዳንዱን ዘለላ ለብቻው አቁሜ፣ በመሀሉ ያለውን ሌላ ሁሉ ነቅዬ ከምሬአለሁ። የተከመረው ሽማግሌዎቹ ባለፈው ሳምንት የተከሉት የአገሩ ሣር ችግኝ ነው። በክብር የቆመው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሲያሳድዱት የኖሩት አረም።

«ከየት የመጣ አረም ነው?» አልኩ ሉባባ ስትተረጉምልኝ፣ ላብ አጥምቆኝ።

ሉባባ ለመመለስ አልቻለችም፤ ሆዷን ይዛለች። «ከአፍሪካ! እትዬ፣ ከአፍሪካ ነው የሚሉት! የአፍሪካ ሣር ነው ስሙ!»

«ንገሪያቸው፤ የጤፍ ዘመድ ነው፣ እጄ እንቢ አለኝ። ደግሞ ጠይቂልኝ፤ የአባባን ማሽላ በር ላይ ከልክለው ይህን እንዴት አስገቡት?»

እማማ ጆይስ ሲነገራቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ባርኔጣቸው ወደቀ። ከዚያ ማንም ሳይቆጣኝ ሁላችንም ችግኙን መልሰን ስንተክል ዋልን፤ ከፔርሙስ ሻይ፣ ከቆርቆሮ የዝንጅብል ብስኩት ሰጡኝ። በእጄ ላይ እጃቸውን አድርገው የአረሙን ሥር እንዴት እንደሚቆረጥ አሳዩኝ። የመጀመሪያውን ስቆርጥ «ቢስሚላህ» አልኩ፤ ይቅርታ እንደመጠየቅ ነው።

ሻይ ስንጠጣ እማማ ጆይስ ቤታቸውን ከታች አሳዩኝና ስለ ጉብታው ተረኩ። ሉባባ ትተረጉማለች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አሉ፤ ሉባባ ዘለለችው። የእኔ እንግሊዝኛ ለመናገር ባይበቃም ለመስማት ይበቃል፤ ያሉት «አናቱ የማንም ስላልሆነ ነው ሁላችንም የምንወጣው» ነው።

ስንወርድ፣ «አንድ ነገር ዘለልሽ» አልኳት።

«ምን?»

ነገርኳት። እኔም ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ መግቢያና ማስረጃ ያለው። አንዱም አልመጣልኝ። «ሉባባ፣ ጉብታውን ተይው» ብቻ አልኩ።

ቆመች። «አባባ ነው የላከሽ?»

«አዎ።»

«እሱ ማሻአላህ ነው የሚለኝ!»

«ላንቺ እንቢ ማለት አይችልበትም።»

«እነዚህ ጉብታ ላይ የማይሠሩት ሁሉም ቤት ስላለው ነው፣ እትዬ። እኔ የሰው ቤት ጠረግኩ፣ የሰው ሰው አመላለስኩ። አንድ ቀን ከደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ሁሉ ቀና ብሎ ‹ያ የማን ቤት ነው?› እንዲል ፈለግኩ። ‹የይማም ልጅ የሉባባ ነው› እንዲባል። ይህ በዛ?»

አልበዛም። ተከትያት ወደ ቤት ወረድኩ።

ሰኞ ስለ ምግብ ብቻ ተነጋገርን።

ማክሰኞ ብቻዬን ወጣሁና ጠፋሁ። እኛ ጋ ሰው አይጠፋም። ላይ ደጋው ነው፣ ታች ቆላው ነው፤ መንገድ የጠየቀ ሁሉ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች» ተብሎ ይደርሳል። እኔም ቤቱን «ከጉብታው በታች» ብዬ ይዣለሁ። ችግሩ ከተማዋ ሁሉ ከአንድ ጉብታ በታች ናት። ሁለት ሰዓት ከዞርኩ በኋላ ጥቁርና ነጭ የሆነ ወፍ፣ ቁራን የሚያክል፣ ከዛፍ ላይ ተወርውሮ ራሴን ሊመታኝ መጣ። እንቁላሉን ሲጠብቅ ነው አሉ። ጃንጥላዬን ዘረጋሁ፤ ደግሞ መጣ። ጃንጥላ ዘርግቼ በጠራራ ውርጭ እየሮጥኩ ሳለ አንድ አውቶቡስ፣ ማቆሚያ ሳይሆን፣ ቆመልኝ። ሹፌሩ ጢማም ሰው ነው። ልብሴንና ጃንጥላዬን አይቶ «የሉባባ እህት?» አለ። ቅዳሜ ከኋላዋ ተቀምጬ አይቶኝ ኖሯል። በሬዲዮ ተናገረ፤ ከተማው ውስጥ ያለ ሹፌር ሁሉ «የሉባባ እህት ተገኝታለች» ሲባል ሰማ። ሁለቱ ሦስቱ በሬዲዮው እልል አሉ ልበል፣ ጮኹ።

ሉባባ ማታ ስትገባ ልትኮሳተር ሞከረች፤ አልቻለችም። «የካንቤራ ሹፌር ሁሉ ሰላም ብሎሻል» አለች። ከዚያ፣ ወጥ እያማሰለች፣ «በስሜ ነው ያወቀሽ?» አለችኝ።

«በስምሽ ነው።»

ወጡን ደጋግማ አማሰለችው።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ ገባች፤ አገር ቤት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ኮቷን ሳታወልቅ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችና ደወለች። «አባባ ራሱ ይንገረኝ።»

ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የተሰማው የበሬ ግሳት ነው።

«አባባ? ይሰማል?»

«ማን ልበል?» አለ ሌላ ድምፅ። ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ማሳቸው የሚዋሰን ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ሉባባን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያበሽቋት የኖሩ።

«ሉባባ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እ! የቤቱ ባለቤት! አባትሽ ጥጃ ሊያወጡ ታች ወርደው ስልኩን አስይዘውኛል። ወንዙ ሌሊት ሞልቶ እስከ ማሽላው ገብቷል።»

«ያረቢ! ሰው ተጎዳ?»

«የለም፣ ተመስገን፣ ሁሉም ወጥቷል። ሳሎንሽ ውስጥ ነን። ይቅርታሽን፣ ጫማ አላወለቅንም።»

ሉባባ አየችኝ።

«ሁለቱ በሬዎቼ እንግዳ መቀበያሽ ጥግ ታስረዋል። የጎረቤታችን የፋጡማ አህያ መኝታ ቤት ገብታ እንቢ አልወጣም ብላለች፤ ደልቷት ነው። ችካሉን ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ደህና ሰው ነው የተከለልሽ። ገመድ ይይዛል!»

ከኋላ የሰው ሳቅ ተሰማ። ሉባባ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ።

«ጋሼ፣ ባጥረው ኖሮ የት ትሄዱ ነበር?»

ጋሼ ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጡ። በሬው አገሳ። «እንግዲህ… በርሽን እናንኳኳ ነበር» አሉ። «ሰው ኖሮ ቢከፍትልን።»

ሉባባ ኮቷ ላይ ያለውን የስሟን ሰሌዳ ነካካች። እሷ እዚህ ናት፤ እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ አባቴ ከታች ቤቱ አይወጣም። በዚያ ቤት ማንም አይኖርም ነበር። ይህን ለማስረዳት ነበር መግቢያና ማስረጃ ያዘጋጀሁት።

አባቴ እያለከለከ መጣ። «ሉባባ ነሽ? ደህና ነን። ችካልሽን በሬ እንዳይነቅለው እየጠበቅኩልሽ ነው።»

«አባባ፣ እንዲህ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?»

እኛ ቤት አባትን ፊት ለፊት አንተ ማለት የተፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው፤ የመጨረሻ ልጅ ናት።

«ምን ብዬ፣ ልጄ? ከሄድሽ ጀምሮ ላክሽልኝ እንጂ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ይሄ የመጀመሪያሽ ነው። እንዴት አይሆንም ልበልሽ?»

ስልኩ ተቋረጠ፤ ወይም እሷ ዘጋችው። ፊቷን ታጥባ መጣችና ንድፉን ከማቀዝቀዣው ላይ አወረደችው። አልቀደደችውም። አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ እረፍት ወሰደችና ከተማዋ ቁልጭ ብላ የምትታይበት ተራራ ላይ በመኪና ወጣን። እዚያ ነው ያ የጨርቅ ሥዕል የገባኝ። ከእግራችን ሥር መንገዱ ወደ ከተማዋ ሐይቅ ይወርዳል፤ መስመሩ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ምክር ቤቱ ጉብታ፣ ከእሱ ኋላ ወደ ሌላ ጉብታ ይሄዳል። ከጎናችን አንዲት ካንጋሩ ከነልጇ ሣር ትግጣለች፤ «የማን ናት?» ልል ነበር፣ ተውኩት። ሉባባ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ቤቶቹን ታያለች።

«ወገቡ ላይ ቢሆንስ?» አለች። «ውሃው አይደርስበትም፣ ከብቱን አይከለክልም። አጥር አልፈልግም።»

«ወገቡ ላይ ጥሩ ነው።»

«አባባ ይገባበታል ግን፤ ባዶውን አይቀመጥም። ካልገባ አልሠራም።»

«እነግረዋለሁ።»

«ጣሪያው ቀይ ይሁን። ደማቅ ቀይ። ከአስፋልቱ ይታይ።»

«ይታያል።»

«የአናቱን ችካል እንዳትነቅሉ። ይቆይ፤ ከብት ይታሰርበት።»

ቅዳሜ ከሉባባ ስለያይ እማማ ጆይስ ያን የእሑዱን የአረም መቁረጫ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሲድኒ ላይ አስመዘገብኩት፤ አለፈ።

አገሬ ስገባ ደብረ ሲና አልተከናነብኩም፤ ረዳቱ «ይቺ ሴትዮ ታማለች» አለ። በማግስቱ ቀወት ወርጄ ከአባቴ ጋር ጉብታው ላይ ወጣን። ውሃው ጎድሏል፣ ከብቱ ወርዷል፤ ችካሎቹ ኩበት በኩበት ሆነው ቆመዋል። የሉባባን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ቀይ ጣሪያው ላይ ስደርስ ሳቀ። ይገባበት እንደሆነ ስጠይቀው «ሻይ የሚያፈላልኝ ካለ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው።

«ከተማዋስ እንዴት ያለች ናት?»

«አትታይም፣ አባባ። የሚታየው ጉብታው ነው።»

«ሰዉ ታዲያ የት ነው የሚኖረው?»

«ሥሩ። ወገቡ ላይ።»

«እንደኛው ናቸዋ» አለና በከዘራው የጥጉን ችካል ነካ አደረገው። ተነቃነቀ፤ የጋሼ ደምሴ በሬ ስቦታል። «እስኪ ደውይላት» አለኝ፤ «ይሄ ላልቷል፣ ላጥብቀው ወይ በያት። የሷ ነው።»

ደወልኩ። ክብ መንገድ ላይ ሳትሆን አልቀረችም፣ የአውቶቡሱ ድምፅ ይሰማል። «ያጥብቀው» አለች።

ድንጋይ ፈልጌ አቀበልኩት።